ከጆንያው እስከ ጀበናው፦ ስለ ቡና ፍሬ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ስለ ቡና የሚደርሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ከጀበናው ይነሳሉ፤ ለምን መረረ፣ ለምን ቀጠነ፣ ለምን እንደ ድሮው አያውድም የሚሉ ናቸው። መልሱ ግን ብዙውን ጊዜ የሚገኘው ቡናው እሳት ከማየቱ በፊት፣ ገበያው ላይ ወይም ጓዳው ውስጥ ነው። ስለዚህ የዚህን ወር ገጽ ለፍሬው ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ገበያ ስሄድ ነጋዴው አንዱን ጆንያ "ይርጋጨፌ"፣ አንዱን "ሐረር"፣ ሌላውን "ጅማ" ወይም "ወለጋ" ይለኛል። ዋጋቸው ይለያያል፤ ለእኔ ግን ሁሉም አንድ ናቸው። ሳልቆላው ጥሩውን በምን ልለይ?
ከገርጂ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ ስሙን ለጊዜው ይተዉት። ስም ቢበዛ ቡናው ከየት እንደመጣ ይናገራል። መቼ እንደተለቀመ፣ እንዴት እንደደረቀ፣ መጋዘን ውስጥ ስንት ወር እንደከረመ የሚናገረው ፍሬው ራሱ ነው።

እጅዎን በጆንያው አፍ ላይ አያሳርፉ፤ በጎን በኩል ወደ ታች አስገብተው አንድ ጭብጥ ያውጡ። ከላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ ለዓይን የተዘጋጀው ነው። ያወጡትን በነጭ ወረቀት ላይ ዘርግተው በቀን ብርሃን ይዩት። የታጠበ ቡና፣ ማለትም ልጣጩ በእርጥቡ ተልጦ በውኃ ታጥቦ የደረቀው፣ አረንጓዴ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ግራጫ ያደላል፣ ላዩም ንጹሕ ነው። ያልታጠበው፣ ማለትም ከነልጣጩ ደርቆ ጀንፈል ከሆነ በኋላ የተፈለፈለው፣ ወደ ቢጫና ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ ስስ የብር መልክ ያለው ገለፈትም ተጣብቆበት ይቀራል። ስለዚህ ቢጫ መሆኑ ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ንጣት ነው። ጠርዙ የነጣ፣ ቀለሙ የሸሸ፣ በእጅ ሲይዙት የቀለለ ፍሬ ወይ አርጅቷል፣ ወይ ከደረቀ በኋላ እንደገና እርጥበት ጠጥቷል።

ቀጥሎ ያሽትቱት። ጭብጡን በሁለት መዳፍዎ ይዘው ሞቅ ያለ ትንፋሽ እፍ ይበሉበትና ወዲያው አፍንጫዎን ያስጠጉ። አዲስ የታጠበ ቡና እንደ ደረቅ ሣር ይሸታል፤ አዲስ ያልታጠበ ቡና ደግሞ ከዚያ ላይ የደረቀ ፍራፍሬ ጠረን ይጨምራል። ጆንያ ጆንያ ካለ ከርሟል። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ካለ ሲደርቅ ቦክቷል። ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ክፍል ከሸተተ ሻግቷልና ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ናፍጣ፣ ሳሙና ወይም በርበሬ ከሸተተ ከእነሱ ጋር ተጭኖ ወይም ተከምሮ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ሽታ እሳት አያወጣውም።

ሦስተኛው ጥርስ ነው። አንድ ፍሬ በፊት ጥርስዎ ያዝ አድርገው ይንከሱት። በደንብ የደረቀ ቡና ጥርስ አያሰርግም፤ እንደ ጠጠር ይመልሳል፣ ጠበቅ ካደረጉት ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ጥርስ ካሰረገ ገና እርጥብ ነው። የጥሬ ቡና ጤነኛ እርጥበት ከ10 እስከ 12 በመቶ ነው። ከዚያ በላይ የሆነውን ሲገዙ የሚከፍሉት ለውኃም ጭምር ነው፤ ሻጋታውም ተከትሎ ይመጣል።

አሁን ለቀማው። ግማሽ ኪሎ ይግዙ፣ ቤት ሄደው 100 ግራም በሚዛን ይለኩና ጥቁር የሆነውን፣ ወደ ቀይ ቡናማ የተለወጠውን (ይህ የቦካው ነው)፣ በመርፌ እንደተወጋ ቀዳዳ ያለውን፣ የተሰበረውን፣ ባዶ ቀፎ የሆነውን፣ የሻገተውን፣ ጠጠሩንና እንጨቱን ለይተው ያውጡ። ያወጡትን ግርድ መልሰው ይመዝኑት። ከ100 ግራም ውስጥ ከ5 ግራም በታች ከወጣ ለቤት ደህና ቡና ነው፤ 10 ግራም ከደረሰ ዋጋው ላይ መከራከር አለብዎት፤ 20 ከሆነ ቀላቅለው ሸጠውልዎታል። ከሁሉም የሚከፋው የቦካው ፍሬ ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ሳይለቀም ከገባ ሙሉ ጀበና ያበላሻል። የተሰበረው ግን ቶሎ ከማረሩ በስተቀር ያን ያህል አያስከፋም።

ሒሳቡን አብረን እንየው። 8 በመቶ ግርድ ያለው 1 ኪሎ ተለቅሞ 920 ግራም ይሆናል፤ ሲቆላ 15 በመቶ ገደማ ስለሚቀንስ 782 ግራም ይተርፋል። 20 በመቶ ግርድ ያለው ከ1 ኪሎ የሚተርፈው 680 ግራም ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ቢያንስ በ13 በመቶ ካልረከሰ ርካሽ አይደለም፤ የለቀማው ጊዜ ሳይታሰብ ነው ይህ። የአገራችን ገበያ ለምን ይህን ያህል ለቀማ እንደሚያስፈልገው ለሚገረሙ፦ ለብዙ ዓመታት ለውጭ ገበያ ደረጃ ያሟላ ጥሬ ቡና አገር ውስጥ እንዲሸጥ ሕግ አይፈቅድም ነበር፤ ቤታችን ሲመጣ የኖረው ከዚያ የተረፈው ነው። እናቶቻችን ሰፌድ ይዘው የሚቀመጡት ለጨዋታ ብቻ አልነበረም።

ጊዜውንም ያስቡ። የአብዛኛው አካባቢ ቡና ከጥቅምት እስከ ጥር ይለቀማል፤ ደርቆና ተፈልፍሎ ገበያ ሲደርስ ከታኅሣሥ ጀምሮ ነው። መስከረም ላይ "አዲስ ቡና" ከተባሉ ቢያንስ አንድ ክረምት ያሳለፈ ሊሆን ስለሚችል ጥርስና አፍንጫዎን አብዝተው ይጠቀሙ።

ወደ ስሙ እንመለስና፦ የይርጋጨፌ የታጠበ ቡና የአበባና የሎሚ ጠረን አለው፤ የሐረሩ በአብዛኛው ሳይታጠብ የሚደርቅ ስለሆነ ወደ ፍራፍሬና ወደ ወይን ጠጅ ያደላል፤ የሊሙ የታጠበው ለስላሳና የተመጣጠነ ነው፤ የጅማው ያልታጠበ ከባድ ነው፤ የወለጋው (ነጋዴ ለቀምት የሚለው) ፍሬው ተለቅ ይላል፣ ፍራፍሬም አያጣውም። ለጀበና እኛ ያልታጠበውን እንመርጣለን። ሦስት ጊዜ የሚፈላ ነገር ጉልበት ይፈልጋል፤ የይርጋጨፌ አበባ ቶና ላይ ሲደርስ ሄዷል። በወረቀት ማጥለያ ለሚያንጠባጥብ ሰው ግን ምርጫችን ይገለበጣል።

ጥያቄ፦ በጥር ወር ረከስ ሲል 10 ኪሎ ጥሬ ቡና ገዝቼ ከነኬሻው ጓዳ አስቀመጥኩ። ነሐሴ ላይ ስከፍተው ነጥቷል፣ ሲፈላም ጆንያ ጆንያ ይላል። ጥሬ ቡና አይበላሽም ሲባል አልነበረም?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ጥሬ ቡና ቀስ ብሎ ይበላሻል እንጂ አይበላሽም የሚባል አይደለም። እርስዎ ቤት የሆነው እንዲህ ነው፦ ቡና የተቀመጠበት አየር እስኪስማማው ድረስ እርጥበት ይጠጣል ወይም ይተፋል። የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ አካባቢ ሲሆን ፍሬው ከ11 እስከ 12 በመቶ ላይ ይረጋል። ክረምት ገብቶ፣ በዚያ ላይ ሐይቅ አጠገብ፣ የአየሩ እርጥበት ሲያሻቅብ ፍሬውም ተከትሎት ይወጣል። ኬሻ ይህን አይከለክልም። ፍሬው ሲረጥብ ውስጡ መተንፈስ ይጀምራል፣ ጣዕም የሚሆነውን ስኳሩን ይበላል፤ ከ13 በመቶ ካለፈ ደግሞ ሻጋታ ይይዘዋል።

የሚከተለው አሠራር ለቤት ይበቃል። ከገዙ በኋላ ቡናውን በሰፌድ ላይ በስሱ ዘርግተው ነፋስ በሚያገኘው ጥላ አንድ ወይም ሁለት ቀን ያሳርፉት፤ ማታ ማታ ያስገቡት። ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አይዘርጉት፣ ከታች እርጥበት ይስባል። ከዚያ ይልቀሙት፤ የሻገተና የተበላ ፍሬ ውስጥ ካለ ለሌላው ይተርፋል። በጥርስ ፈትሸው ደረቅ መሆኑን ሲያረጋግጡ በ1 ኪሎ በ1 ኪሎ እየከፈሉ አየር በማያስገባ ወፍራም የፕላስቲክ ከረጢት ወይም ክዳኑ ላስቲክ ባለው ዕቃ እስከ አፉ ይሙሉት። ዕቃው የዘይት ወይም የበርበሬ ከነበረ ለቡና አይሁን፤ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ጠረኑ ይቀራል። የገዙበትን ወር ይጻፉበት። ከወለል ከፍ ያለ፣ ከውጭ ግድግዳ የራቀ፣ ምድጃና ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ይምረጡ፤ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል።

ማስጠንቀቂያችን አንድ ነው፦ እርጥብ ቡና አሽጎ ማስቀመጥ ኬሻ ውስጥ ከመተው የባሰ ነው። የታፈነው እርጥበት መውጫ ስለማያገኝ በሳምንታት ውስጥ ይሻግታል። አንዳንዶች ቡናውን ከደረቅ ጨው ጋር በጠርሙስ እየናጡ ጨው መጣበቁን ያያሉ፤ ይህ ለእህል የተለመደ ዘዴ ነው፣ የሚለየውም በጣም የረጠበውን ብቻ ነው። 13 በመቶ ላይ ያለ ቡና ጨው ሳያስነካ ያልፋል፣ እኛ የምንፈራው ደግሞ እሱን ነው።

በዚህ መንገድ የታሸገ ቡና ከመኸር እስከ መኸር ይቆያል። በኬሻ ከሆነ በደረቅ አካባቢ እስከ 6 ወር፣ ለእርስዎ ግን ከሰኔ በፊት ቢያልቅ ይሻላል። ዘመድ ገጠር ካለዎት ጀንፈሉን ራሱን ይጠይቁ። ከነልጣጩ የደረቀ ቡና ከተፈለፈለው ይልቅ ዕድሜ አለው፤ የሚያስፈልገውን ያህል እየሸከሸኩ መጠቀም ነው። የተረፈው ልጣጭም ተፈልቶ ይጠጣል።

ሁለት ልማዶችን ይተዉ። አንደኛው ቤት ውስጥ ለመቁላት ታጥቦ የተቀመጠ ቡና ነው፤ ከታጠበ በዚያው ሰዓት ይቆላ። ሁለተኛው ሻጋታ ሲታይ "እሳት ይገለዋል" ማለት ነው። እሳት ሻጋታውን ቢገልም አንዳንድ ሻጋታዎች የሚያመነጩትን ኦክራቶክሲን የተባለ መርዝ ሙሉ በሙሉ አያጠፋውም። የሻገተ ቡና ይጣል።

ጥያቄ፦ ከአገር ቤት የሚመጣልኝ ቡና ተቆልቶና ተፈጭቶ ነው፤ 3 ኪሎ ገደማ በፌስታል። የመጀመሪያው ሳምንት ቤቱን ሁሉ ያውዳል፣ ወር ሳይሞላው ግን ውኃ ውኃ ይላል። ፍሪዘር ይጠቅማል? ጥሬውን ላስመጣ ብል ደግሞ አፓርታማ ውስጥ የጭስ ማንቂያው ይጮህብኛል።
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ሳምንት መቆየቱም ዕድል ነው። የተፈጨ ቡና አየር የሚነካው ገጽ እጅግ ብዙ ስለሆነ ጠረኑ በሰዓታት ውስጥ መሄድ ይጀምራል፤ ፌስታል ደግሞ አየርም ሽታም ያሳልፋል። ሻንጣው ውስጥ ልብሱ ሁሉ ቡና ቡና ከሸተተ ያ የሸተተው ከሲኒዎ የጎደለው ነው።

ላኪዎችዎን የሚጠይቁት አንድ ነገር ቢኖር እንዳይፈጩት ነው። ተቆልቶ ሳይፈጭ፣ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያስተነፍስ ቫልቭ ባለው ከረጢት የመጣ ቡና ከተቆላበት ቀን ጀምሮ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ጥሩ ሆኖ ይቆያል። ያቺ ከረጢቱ ላይ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ለማሽተቻ የተሠራች አይደለችም፤ ከተቆላ ቡና ለቀናት የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ታስወጣለች፣ የውጭ አየር ግን አታስገባም።

ፍሪዘር ይጠቅማል፣ በሥርዓቱ ከሆነ። ቡናው እንደደረሰ ለአንድ ወይም ለሁለት ጀበና የሚሆነውን፣ 50 ወይም 100 ግራም፣ እየለኩ በወፍራም ባለዚፕ ከረጢት ያድርጉ፤ አየሩን በእጅዎ ገፍተው ያስወጡና በሁለተኛ ከረጢት ይደርቡት። አንዱን ሲያወጡ ሳይከፍቱ ጠረጴዛ ላይ 2 ሰዓት ይተዉት። ቀዝቃዛ ሳለ ከተከፈተ የክፍሉ አየር ላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል። አንዴ የወጣ ደግሞ አይመለስም። በዚህ መንገድ ያልተፈጨው ለወራት፣ የተፈጨውም ለተወሰኑ ሳምንታት ይተርፋል። አንድ ትልቅ ከረጢት በየቀኑ እያወጡ መመለስ ግን ውጭ ከመተው አይሻልም።

ስለ ጥሬው፦ ይቻላል፣ እኛም የምንመክረው እሱን ነው። አውሮፕላን ማረፊያ ለጉምሩክ ይንገሩ፤ ጥሬ ቡና ወደ ዋናው የአሜሪካ ምድር ይገባል፣ ወደ ሃዋይና ወደ ፖርቶ ሪኮ ግን አይፈቀድም። ለመቁላት የብረት ምጣድ ይጠቀሙ፤ የማያጣብቅ ቅብ ያለው መጥበሻ ባዶውን ሲግል ለሳንባ የማይሆን ጋዝ ያወጣል። በአንድ ጊዜ ከ100 ግራም አይበልጥ፣ መስኮት ይከፈት፣ የምድጃው ማራገቢያ ይለቀቅ። ጭሱ የሚበረታው ቡናው በጣም ሲጠቁር ስለሆነ ቀደም ብሎ ማውረድ ማንቂያውንም ጣዕሙንም ያድናል። በሞቃት አየር የሚሠራ የፈንዲሻ ማሽንም ከ80 እስከ 100 ግራም በ5 እና በ8 ደቂቃ መካከል ይቆላል፣ ገለባውንም እየነፋ ያወጣዋል። አየሩን ከጎን የሚለቀውን ዓይነት ይምረጡ፤ ከታች በወንፊት የሚለቀው ገለባ ሰብስቦ ሊቃጠል ይችላል። በረንዳ ካለዎት ደግሞ ነገሩ ሁሉ ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ቡናን ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥስ?
ከረሖቮት፣ እስራኤል

መልስ፦ አይሆንም፣ የተቆላም ጥሬም። ፍሪጅ በቀን ብዙ ጊዜ ይከፈታል፣ እርጥበት አለው፣ ትናንት የተቀመጠው ወጥም እዚያው ነው። ቡና የሁሉንም ጠረን ይሰበስባል። ወይ ከላይ እንደተጻፈው ፍሪዘር፣ ወይ የቁም ሳጥን ጨለማ።

ጥያቄ፦ ቡና ስቆላ ላዩ ያርና ውስጡ ጥሬ ይሆናል። አንዳንዱ ፍሬ ደግሞ ምንም ቢቆላ ገርጥቶ ይቀራል። ፍሬው ነው ጥፋተኛው ወይስ እኔ?
ከሐዋሳ

መልስ፦ ሁለታችሁም። ገርጥቶ የሚቀረው ሳይቀላ የተለቀመ ቡና ነው፤ ውስጡ ያለው ስኳር ስለሚያንስ አይጠቁርም፣ ሲፈላም የለውዝና የገለባ ጣዕም ይሰጣል። ጥሬውን ሲያዩት ከሌላው ስለማይለይ የሚለቀመው ከተቆላ በኋላ ነው። ሰፌድ ላይ ሲዘረጉት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ላዩ ማረሩ የእሳትና የውኃ ጉዳይ ነው። ቡናውን ሲያጥቡ ቶሎ ቶሎ ሁለት ውኃ ይለውጡለትና ያንጠፍፉት፤ አይዘፍዝፉት። የሚንሳፈፈውን ባዶ ፍሬ በዚያው ይግፈፉት። ውኃ ያዘለ ቡና ምጣድ ላይ መጀመሪያ ይቀቀላል፣ ሰውም "አልቆላ አለ" ብሎ እሳት ይጨምራል፤ ውኃው ሲያልቅ ምጣዱ ከመጠን በላይ ግሏል። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ማሸት ይህን ያስቀራል።

25 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው ምጣድ ላይ ከ150 ግራም አይብለጥ፤ ፍሬው ከሁለት ድርብ በላይ ከሆነ የታችኛው ያራል። መካከለኛ እሳት፣ ማንከሽከሻው ሳይቋረጥ። በ4ኛው ወይም በ5ኛው ደቂቃ ቢጫ ሆኖ የዳቦ ሽታ ይሰጣል። በ8ኛው ደቂቃ አካባቢ መንጣጣት ይጀምራል፤ ፍሬው ውስጥ የታፈነው እንፋሎት ሲሰነጥቀው ነው። እዚህ ላይ እሳቱን ቀነስ ያድርጉት። መንጣጣቱ ጋብ ካለ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ በኋላ ያለው ለጀበና መልካም ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ሁለተኛው መንጣጣት ቀጭን ድምፅ ነው፣ ሰማያዊ ጭስ አብሮት ይወጣል፤ ያኔ የሚቀምሱት ከፍሬው ይልቅ ከሰሉን ነው። በምጣድ ሲቆላ ጠቅላላው ከ6 ደቂቃ በታች ካለቀ ውስጡ አልበሰለም፤ ከ15 ካለፈ ጣዕሙ ደርቋል።

ሲያወርዱት ምጣዱ ላይ አይተዉት። የጋለው ብረት መቁላቱን ይቀጥላል። ሰፌድ ላይ ገልብጠው እያራገቡ በ4 ደቂቃ ውስጥ ያብርዱት፤ ገለባውም አብሮ ይበናል።

ጥያቄ፦ እዚህ ያሉ የቡና መቁላት ባለሙያዎች ቡና ከተቆላ በኋላ አንድ ሳምንት ማረፍ አለበት ይላሉ። እኛ ቆልተን እጣኑ ሳይጠፋ እናፈላለን። ማን ነው ትክክል?
ከስቶክሆልም

መልስ፦ ሁለታችሁም በየዕቃችሁ ትክክል ናችሁ። አዲስ የተቆላ ቡና ጋዝ የተሞላ ነው። በማጥለያ ላይ ውኃ ሲፈስበት ጋዙ ውኃውን ስለሚገፋው ጣዕሙ ሳይወጣ ያልፋል፤ በኤስፕሬሶ ማሽን ደግሞ አረፋ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ለማጥለያ 4 ቀን ገደማ፣ ለኤስፕሬሶ 7 ቀንና ከዚያ በላይ ይታገሣሉ። ጀበና ግን ቡናውን ለደቂቃዎች እያፈላ ጋዙን ያስወጣዋል። የሚቀረው ችግር መገንፈል ነው፤ ትኩስ ቡና የሚገነፍለው ለዚህ ነው። ጀበናውን እስከ አንገቱ አይሙሉት፣ አፉ ላይ ብቅ ሲል ከእሳት ያንሱት፣ ረገብ ሲል ይመልሱት። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተመለሰ በኋላ ማቶቱ ላይ ጋደም አድርገው 4 ወይም 5 ደቂቃ ያስክኑት።

ጥያቄ፦ ወዝ ያለውና የሚያብረቀርቀው የተቆላ ቡና ይሻላል የሚባለው እውነት ነው?
ከአዳማ

መልስ፦ አይደለም። ዘይቱ ላዩ ላይ የወጣው ወይ በጣም ስለጠቆረ ወይ ስለቆየ ነው። አየር ሲያገኘው እንደ ቆየ ዘይት ይበላሻል፣ መፍጫውንም ያጣብቃል። መካከለኛ የተቆላ አዲስ ቡና ላዩ ደብዛዛ ነው።

ጥያቄ፦ የተፈጨ ቡና ሌላ እህል ተቀላቅሎበት እንደሆነ ቤት ውስጥ ማወቅ ይቻላል?
ከደሴ

መልስ፦ ፍንጭ ማግኘት ይቻላል። ቀዝቃዛ ውኃ በብርጭቆ ሞልተው አንድ የሻይ ማንኪያ ቡና ላዩ ላይ ይበትኑ፤ አያማስሉት። ቡና ዘይትና ጋዝ ስላለው ለደቂቃዎች ይንሳፈፋል፣ ውኃውንም ቀስ ብሎ ነው የሚያቀልመው። የተቆላ ገብስ ወይም ሽምብራ ካለበት ቶሎ ይሰምጣል፣ ውኃውም በሰከንዶች ውስጥ ቡናማ ይሆናል። በጣም ያረጀ ወይም እንደ ዱቄት የላመ ንጹሕ ቡናም ቶሎ ሊሰምጥ ስለሚችል ንጹሕ መሆኑን ከሚያውቁት ቡና ጋር ጎን ለጎን ያድርጉት። ሲፈላ እንደ አጥሚት ከወፈረ ግን ብዙ መጠራጠር አያስፈልግም። እዚህ ላይ ጨካኞች ነን፦ መውቀጫ ወይም መፍጫ እያለ የተፈጨ ቡና የሚገዛበትን ምክንያት አናውቅም።

ጥያቄ፦ የምኖርበት ክፍል ቀን ቀን በጣም ይሞቃል፣ ማታ ኤሲ ይከፈታል። ቡናዬን የት ላድርገው?
ከሪያድ

መልስ፦ ከሙቀቱ የሚብሰው መለዋወጡ ነው። የተቆላውን በ10 ቀን በሚያልቅ መጠን ይያዙ፤ ጥሬውን አሽገው በወፍራም ካርቶን ውስጥ፣ ከውስጥ ግድግዳ ጋር በተያያዘ ቁም ሳጥን ታችኛው መደብ ላይ ያድርጉት። ካርቶኑ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይለዋወጥ ያደርገዋል። ኤሲው ቀጥታ የሚነፍስበት ቦታ አይሁን። የበረሃ አየር ደረቅ ስለሆነ ሳይታሸግ የተቀመጠ ጥሬ ቡና ከ9 በመቶ በታች ይወርድና ሲቆላ ይፈረካከሳል፣ ቶሎም ያራል። እንዲያ ከሆነብዎ እሳቱን ይቀንሱ እንጂ ውኃ አይርጩበት። ለገሐዋ የሚሆነውንና ለጀበና የሚሆነውን ለየብቻ ይቁሉ፤ የዓረቡ ገና ወርቃማ ሳለ ይወርዳል፣ ለጀበና ግን ያ ጥሬ ነው።

ጥያቄ፦ ለስድስት ሲኒ ስንት ቡና ይበቃል? በግምት ነው የማደርገው፣ አንድ ቀን ይወፍራል፣ አንድ ቀን ይቀጥናል።
ከጎንደር

መልስ፦ ሲኒ 70 ወይም 75 ሚሊ ሊትር ይይዛል። ለስድስት ሲኒ አቦል 600 ሚሊ ሊትር ውኃና 45 ግራም የተቆላ ቡና ያስፈልጋል፤ በጥሬው 53 ግራም ማለት ነው። ውኃው ከሲኒዎቹ የሚበልጠው አተላው ከክብደቱ እጥፍ ያህል ውኃ ስለሚይዝና ጥቂትም ስለሚተን ነው። ሚዛን ከሌለ በትክክል የተላጨ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቡና 5 ግራም ገደማ ነው፤ ዘጠኝ ማንኪያ ይሆናል። ለቶናና ለበረካ 450 ሚሊ ሊትር እየጨመሩ ይሂዱ።

አወቃቀጡም ይቆጠራል። ከደቃቅ ስኳር ትንሽ ሸካራ ሲሆን አተላው ይሰክናል፤ እንደ ዱቄት ከላመ ሲኒው ውስጥ ይገባል፣ ይመራልም። በሙቀጫ ከሆነ ትንሽ ትንሽ እየጨመሩ ይውቀጡ፣ በወንፊት ነፍተው ሸካራውን ይመልሱ። ሙቀጫው የቅመም ከሆነ ለቡና ሌላ ይኑር። ጀበናውንም በሳሙና አይጠቡት፤ ሸክላው ሳሙናውን ጠጥቶ በሚቀጥለው አቦል ይመልስልዎታል። ፍል ውኃ አድርገው ጥቂት ያቆዩትና ያለቅልቁት፣ ከዚያ ደፍተው እስኪደርቅ ያስቀምጡት።